የመጀመሪያውን ምዕራፍ 11 ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ይህ ትጋት ነው ወይስ ፍርሃት?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ ልብ ወለድ ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ 11 ጊዜ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ሦስተኛውን ግን አልፌ አላውቅም። እዚያ በደረስኩ ቁጥር የመጀመሪያው ይጎረብጠኛል። እመለሳለሁ፣ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛው አብሮት አልሄድ ይላል። እናም ጸሐፊዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህ ትጋት ነው ወይስ ፍርሃት ብዬ ጠየቅሁ። ከጥያቄው ሥር የምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽ ለጠፍኩ።

በሦስት ሳምንት 34 ምላሽ መጣ። አንዳንዱ አንድ መስመር ነው። አንዳንዱ ተነቦ አያልቅም። መሃል ላይ ስለ ፊደል ተጣልተን ሁለት ቀን ሙሉ ዋናውን ነገር ረሳነው። አዲስ የሚገባ ሰው ግማሹን ሳያነብ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የኔው ጥያቄ ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ይህን በቅደም ተከተል የምተርከው ለእሱ ብዬ ነው።

ምላሽ ቁጥር 1 ሰላምታ ነው። ጸሐፊው እሱም እንደኔ መሆኑን፣ የሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚቆም ነገረኝ። ውይይቱን እንደሚከታተልም ጨመረ። ይህ ሰው መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

ቁጥር 2 ምንም ጥፋት እንደሌለብኝ በጨዋ ቃል አስረዳኝ። አንባቢ መጽሐፍ ሲያነሳ ቀድሞ የሚያየው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። አሳታሚም ረቂቅ ሲደርሰው ከዚያው ይጀምራል። ያ ገጽ ካልያዘው የኋላው ቢያምርም ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ 20 ጊዜም ቢሆን እንድጽፈው መከረኝ። ልሰማ የፈለግሁት ይህንኑ ስለነበር ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቁጥር 3 አንድ ልብ ወለድ የጨረሰች ሴት ናት። ስትጨርስ ከፊት ያሉትን ሁለት ምዕራፎች አውጥታ ጣለቻቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ከሦስተኛው እንደሆነ የገባት መጨረሻውን ከጻፈች በኋላ ነው። ሥራውን ስትጀምር ገጸ ባህሪዎቿን ገና እየተዋወቀቻቸው ነበረች። የትኛው እንደሚዋሽ፣ የትኛው እንደሚሞት አታውቅም። ለቁጥር 2 ስትመልስ የመጀመሪያው ገጽ ወሳኝ መሆኑን ሳታንገራግር ተቀበለች። ወሳኝ ስለሆነ ነው መጨረሻ ላይ መጻፍ ያለበት የሚለውን አከለችበት። ይህቺን ነጥብ ደጋግሜ አነበብኳት።

ቁጥር 4 አሜሪካዊውን ደራሲ ሄሚንግዌይን ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ ቃለ ምልልስ፣ ሄሚንግዌይ በ1929 ያሳተመውን ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ እስኪጥመው 39 ጊዜ እንደጻፈው ተናግሯል። የኔን 11 ለመደገፍ የመጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም። 39 ጊዜ የተጻፈው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ከሱ በፊት ያለው መጽሐፍ ሁሉ ተጽፎ አልቋል። እኔ የምደጋግመው ከኋላው ምንም የሌለ ገጽ እንደሆነ አስታወሰኝ። ቁጥር 5 አንድ እርማት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዚያው ልብ ወለድ እትም 47 የተለያዩ መጨረሻዎችን አካቷል፤ ስለዚህ ሰውየው አሳንሶ ነው የቆጠረው። ቁጥር 4 አመስግኖ ተቀበለ። ቁጥር 6 ደግሞ የሰው መቁጠር ትተን እንድንጽፍ በሁለት መስመር ነግሮን ሄደ።

ቁጥር 7 ስለ ጊዜ አነሳች። የምትሠራው የሌሊት ተረኛ ሆና ነው፤ ቤቷ ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ። በቀን የምታገኘው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ የትናንቱን ማስተካከል ከጀመረች አዲስ ነገር ሳትጽፍ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ለራሷ ሕግ አወጣች። የትናንቱን የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ታነባለች፤ ከሱ በላይ ያለውን ገልጣ አታይም። ስታቆምም ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ቆርጣ ትተወዋለች፤ በነጋታው የሚጀመር ነገር እንዲኖራት። ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ። ባዶ ገጽ ከማየት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ማየት በጣም ይቀላል።

ቁጥር 8 ይህንን ተቀብሎ ስለ አንተኒ ትሮሎፕ ተረከ። ትሮሎፕ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛም ነበር። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጻፍ ይጀምራል። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ዓይነት 47 ልብ ወለዶችን ጽፏል።

ጠቡ የተነሳው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር 9 ይህ ሒሳብ ሥራ እንጂ ድርሰት እንዳልሆነ ቆጣ ብሎ ጻፈ። ቃል በሰዓት የሚቆጥር ሰው ነፍስ ያለው ነገር አይወጣውም። ጽሑፍ ሲመጣ ራሱ ይመጣል፤ ሳይመጣ መጎተት አንባቢን መበደል ነው። በዚሁ አላበቃም። በሰዓት የሚጽፉትን ሁሉ ጡብ ከሚደረድር ሰው ጋር አመሳሰላቸው። ቁጥር 10 ዝም አላለም። ስሜት እየጠበቀ ስንት ሥራ እንደጨረሰ ቁጥር 9ን በግልጽ ጠየቀው። ጡብ የሚደረድር ሰው ቢያንስ ቤት እንደሚጨርስም ነገረው። ቃሉ የመረረ ነበር፤ በጣም ቀለል አድርጌ ነው የጻፍኩት።

በቁጥር 11 እኔ ገባሁ። ጠቡን ለማብረድ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ሳነብ አንድ ነገር ስለገባኝ ነው። እኔም ስሜት ይመጣልኛል። ግን የሚመጣልኝ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ለምን? የማውቀው እሱን ስለሆነ። ክፍሉን አውቀዋለሁ፣ ብርሃኑን አውቀዋለሁ፣ ሴትዮዋ ምን እንደምትል አውቃለሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ምንም አላውቅም። ስሜት የምለው ነገር የማውቀው ቦታ ላይ የመቆየት ምቾት እንዳይሆን ፈራሁ። ይህንኑ ጻፍኩ።

ቁጥር 12 አሜሪካዊቷን ደራሲ ቶኒ ሞሪሰንን አነሳች። የመጀመሪያው ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ዕድሜዋ 39 ደርሷል። የማተሚያ ቤት አርታኢ ሆና እየሠራች ሁለት ወንዶች ልጆች ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። በ1993 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ቁጥር 13 በታላላቅ ስሞች መሰልቸቱን ጻፈ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የተሳካላቸውን ብቻ እንሰማለን። ተነስተው፣ ጽፈው፣ ጨርሰው የትም ያልደረሱትን ማንም አይተርክልንም። እነሱ ግን ይበዛሉ። ለጀማሪ ይህን ሳይነግሩ ሞሪሰንን መጥራት ማታለል ነው አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ነገሩ ግን ልክ ነው፤ ልክ መሆኑንም ሥሩ ጻፍኩለት።

ከሁሉም ምላሾች ልቤ ውስጥ የቀረው ቁጥር 14 ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ለቁጥር 13 ስለነዚያ ስለማይተረክላቸው ሰዎች ማወቅ ከፈለገ አንዱ እሳቸው እንደሆኑ በእርጋታ ነገሩት። ለስድስት ዓመት ጎህ ሳይቀድ ተነስተዋል። ሁለት ልብ ወለድ ጨርሰዋል። ሁለቱም በአሳታሚዎች ተመልሰዋል፤ የመጀመሪያው አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ። አሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ይህን ሲጽፉ ምሬት የላቸውም፤ ደስታም አልለበሱበትም።

ከዚያ ሁለቱን ረቂቆች አነጻጸሩ። የመጀመሪያውን ሲጽፉ ሰው ሁሉ በሳቸው ድምፅ ይናገር ነበር። ገበሬውም፣ ዳኛውም፣ ሕፃኑም መምህር ናቸው። ይህን ያዩት መጨረሻው ላይ ደርሰው ከጥግ እስከ ጥግ ሲያነቡት ነው። በአንድ ምዕራፍ አይታይም። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ቢናገር ጆሮ ያልፈዋል፤ በ300 ገጽ ግን አያልፈውም። ሁለተኛውን ሲጽፉ ይህንን አረሙ። ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት፤ ምንም ነገር የማይሆንበት መሃል አለው፤ ወደ 80 ገጽ። እሱንም ያዩት ከጨረሱ በኋላ ነው። አሁን ሦስተኛውን እየጻፉ ናቸው። ያልተጨረሰ ሥራ ስህተቱን ለባለቤቱ አያሳይም፤ የተጨረሰ ያሳያል። ለኔ ያሉኝ ይህንን ነው። ለመታተም ስለመጨረስ አንድም ቃል አልጻፉም።

ቁጥር 15 እና 16 ጋሼ እያሉ አመሰገኗቸው። አንደኛው ረቂቁን ለማንበብ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ሁለተኛውን ሊልኩለት ተስማሙ።

ቁጥር 17 የለጠፍኩትን ገጽ በእውነት ያነበበ የመጀመሪያው ሰው ነው። በአንድ ገጽ ላይ «ነበር» የሚለውን ቃል 19 ጊዜ ቆጥሯል። ደነገጥኩ። 11 ጊዜ የጻፍኩት ገጽ ነው፤ አንድም ቀን አላየሁትም። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘጋሉ። አንባቢው ለምን እንደደከመው ሳያውቅ ይደክመዋል። መፍትሔው ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሆነ ነገረኝ፤ ዓይን የለመደውን ጆሮ ይይዘዋል።

የኔ ገጽ እንዲህ ይሄዳል። ዝናቡ ይጥል ነበር። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በምክሩ መሠረት እንደገና ሞከርኩት። ዝናቡ ይጥላል። መንገዱ ጭር ብሏል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች። ወይም ሦስቱን አንድ ላይ፦ ዝናብ በሚጥልበት ጭር ያለ መንገድ ዳር፣ ሴትዮዋ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቁጥር 18 ግን አልተስማማም። ነበር ያለፈን ነገር የሚያርቅ፣ ትዝታ የሚያደርግ ቃል ነው፤ ሁሉንም ካወጣሁት ጽሑፉ የዜና ዘገባ ይመስላል ብሎ ሰጋ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። 19ኙን ወደ አምስት አወረድኳቸው። አምስቱ የቀሩት ሴትዮዋ የጠፋውን ቤቷን የምታስታውስበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ርቀቱ ያስፈልጋታል።

ከዚህ በኋላ ተበታተንን። ቁጥር 19 ፀሐይን አንድ ቦታ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላ ቦታ በጸሎቱ ጸ መጻፌን አየ። ቁጥር 20 ሞክሼ ፊደላት ለዛሬ ጸሐፊ ሸክም ስለሆኑ እንደፈለግሁ እንድጽፍ ነገረኝ። ቁጥር 21 ተቃወመ፤ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ግን ሌባው ወሰደ ማለት ነው፤ ዓመት የዘመን መቁጠሪያ፣ አመት ደግሞ በግዕዝ ገረድ ናት። ቁጥር 22 ቁጥር 20ን ያልተማረ አለው። ቁጥር 23 በምላሹ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ቁጥር 24 አወያዩ ነው፤ ሁለቱንም አስጠንቅቆ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ።

ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለጸሐፊ የሚጠቅም አንድ ነገር ያመጣችው ቁጥር 25 ናት። የአንድን ገጸ ባህሪ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ከጻፍኩ፣ በኋላ ስሙን ልቀይር ስል ኮምፒውተሩ ግማሹን አያገኘውም። የመረጥኩትን ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ እንድሰቅለው መከረችኝ። ሰቅዬዋለሁ።

ቁጥር 26 ላፕቶፕ እስኪገዛ መጻፍ እንደማይችል ነገረን። የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ቁጥር 27 የመለሰለት ግን አስደነቀኝ። ነቢይ መኮንን ነገም ሌላ ቀን ነው ብሎ የተረጎመውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ የጻፈው በደርግ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። 3,000 ያህል ቁራጭ ወረቀት። ቁራጮቹ ተደብቀው ወጡ፤ በኋላ መጽሐፍ ሆኑ። ቁጥር 13 እንደገና ስም መጣ ብሎ እንዳይቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ይህቺን ታሪክ ለልጁ እንደሚነግረው ጻፈ፤ የሱ ምላሽ ቁጥር 28 ሆነች።

ቁጥር 29 ስለ መጥፋት ነው። የጻፈችው ሴት ስልኳ ሲሰበር 140 ገጽ አብሮ ሄደባት። ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል ላይም እ.ኤ.አ. በ1835 እንዲሁ ደርሶበታል፤ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈውን የመጀመሪያ ቅጽ ለወዳጁ ለጆን ስቱዋርት ሚል አውሶት እዚያ ተቃጠለ። ካርላይል ቅጂ አልነበረውም። እንደገና ጻፈው፤ ሥራው በ1837 ታተመ። እሷ ግን እንደገና ለመጻፍ እስካሁን እጇ አልታዘዘላትም። ምክሯ አጭር ነው፤ በየቀኑ ለራስ በኢሜይል መላክ። ይህን እያነበባችሁ ያለ ቅጂ የምትጽፉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ላኩ።

በቁጥር 30 ያ የተቆጣው ቁጥር 9 ተመለሰ። ሐሳቡን አልቀየረም። ግን የሚጽፈው ግጥም መሆኑን አሁን ነገረን። ስምንት ስንኝ አንድ ምሽት ላይ መጥቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ሳይመጣ ቢጎትተው ቤት መምታት ብቻ ይሆናል። ይህን ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ግማሹ ጠብ ባልተነሳ። ቁጥር 10 በቁጥር 31 ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን 300 ገጽ በስሜት ብቻ እንደማይሞላ በድጋሚ አስረገጠ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ቁጥር 32 እንደገና ቁጥር 3 ናት። ይህችኛዋ ምክር ሥራ ላይ የዋለች ናት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ መንካት ባማረኝ ቁጥር፣ ምን እንደምቀይር በአንድ መስመር ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ከዚያ የተቀየረ ያህል ቆጥሬ አራተኛው ላይ እንድቀጥል። ሴትዮዋን መበለት ማድረግ ካማረኝ፣ መበለት ትሁን ብዬ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ መበለት ሆና ትገባለች። የፊቱ ሳይታረም ይቆያል።

በቁጥር 33 ከ12 ቀን በኋላ ያየሁትን ጻፍኩ። አራተኛው ምዕራፍ ተጽፏል፤ ዘጠኝ ገጽ ነው። ጥሩ አይደለም። ደብተሩ ላይ ስለ መጀመሪያው ምዕራፍ 14 መስመር አለ። ከነሱ አንዱ ስለ አጎትየው ነው። አጎትየው በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ያን ንግግር ለአንድ ዓመት ያህል ሳስተካክል ከርሜያለሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሴትዮዋ ብቻዋን መሆን እንዳለባት ገባኝ። አጎት የላትም። ሊኖራትም አይገባም። ይህን ሳውቅ አዘንኩ፤ ንግግሩ ያምራል። ደግሞም በዚያው ምሽት አምስተኛውን ጀመርኩ።

ቁጥር 17 አዲሱን ምዕራፍ እንድለጥፍለትና «ነበር» የሚለውን ቃል እንዲቆጥር በግል ጠየቀኝ። ሙሉ ረቂቁ ሳያልቅ ለማንም እንደማላሳይ ነገርኩት፤ አልተቀየመም።

ቁጥር 34 የመጀመሪያው ሰው ነው። እሱም ደብተር ገዝቷል፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ አልፎ ሦስተኛው ላይ ነው። በየሳምንቱ አርብ የደረስንበትን የገጽ ቁጥር ብቻ እንድንላላክ ጠየቀኝ። ጽሑፉን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ። ባለፈው አርብ እሱ 31 ላከልኝ፤ እኔ 58።